ጆኒ ኢንግሊሽ ያው ሚስተር ቢን ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ አዘጋጆች፣ ቅዳሜ ማታ ከወንድሜ ጋር ጆኒ ኢንግሊሽ የሚባለውን አስቂኝ የሰላይ ፊልም እያየን ተጨቃጨቅን። እሱ "ይሄ እኮ ሱፍ የለበሰ ሚስተር ቢን ነው፣ ምንም አዲስ ነገር የለውም" ይላል፣ እኔ ግን የሚለይበት ነገር እንዳለ ይሰማኛል፣ ማስረዳት ነው ያቃተኝ። ደግሞስ የእንግሊዛዊውን ሰላይ የጀምስ ቦንድን ፊልሞች ያላየ ሰው ይገባዋል? እህታችሁ ከሐዋሳ።

መልስ፦ እህታችን፣ እኔ ካንቺ ጋር ነኝ። ሁለቱንም የሚሰራው ሮዋን አትኪንሰን ነው፣ ፊቱም ያው ነው፣ ሰውየው ግን ሌላ ነው። ቢን እንደ ህፃን ልጅ ነው፣ ብዙም አያወራም፣ ሰው ምን ይለኛል የሚል ጭንቀትም የለበትም። ኢንግሊሽ ግን ያወራል፣ ይንጠባረራል፣ ከኔ በላይ ሰላይ ላሳር ብሎ ነው የሚያስበው፣ የሚያስቀውም እሱ ነው። የመጀመሪያውን ፊልም (2003 እ.ኤ.አ.) የቀብሩን ክፍል አስታውሺ፣ የንግስቲቱን ዘውድ የሰረቁትን ሌቦች አሳድዶ የደረሰ መስሎት የሰው ቀብር ላይ ዘሎ ይገባና አልቃሾቹን በሙሉ ሌባ ናችሁ፣ ስታለቅሱም ትወና ነው እያለ ሲያፋጥጣቸው፣ ያን ሁሉ ሰው እንባ እያየ እንኳን አንዲት ሰከንድ ራሱን አይጠራጠርም። ቢን እንዲህ ሊያደርግ አይችልም፣ ምክንያቱም ቢን ስለራሱ እንዲህ ያለ ግምት የለውም።

ሌላው ደስ የሚለኝ ነገር ፊልሙ በቦንድ ላይ የሚያሾፈው ከውጭ ሆኖ አይደለም። ከሶስቱ ፀሐፊዎች ሁለቱ ኒል ፐርቪስና ሮበርት ዌድ ከዛ በፊት በ1999 እና በ2002 የወጡትን እውነተኛ የቦንድ ፊልሞች የፃፉ ሰዎች ናቸው፣ አትኪንሰን ራሱም በ1983 ሾን ኮኔሪ ቦንድ ሆኖ በሰራበት ፊልም ላይ ትንሽ ሚና ነበረው። ስለዚህ አስቶን ማርቲን መኪናውም፣ መርፌ ያለው ቀለበቱም፣ የፊልሙ ዘፈንም ልክ እንደ ቦንድ ተደርገው በቁም ነገር ነው የተሰሩት፣ ለቦታው የማይመጥነው ሰውየው ብቻ ነው። ገፀ ባህሪው መጀመሪያ የተወለደው ደግሞ በ1990ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ለክሬዲት ካርድ በተሰራ የቲቪ ማስታወቂያ ላይ ነው፣ ስሙ ያኔ ሌላ ነበር።

ቦንድን ሳያዩ ይገባል፣ ግን አንድ ቦንድ ብቻ ቀድመሽ ብታዪ ሳቁ እጥፍ ይሆናል። ከተከታዮቹ የ2011ዱን በጣም እወደዋለሁ፣ የ2018ቱ ታሪኩ ትንሽ ሳሳ ይላል፣ ሆኖም ቪአር መነፅር (በኮምፒውተር የተሰራ ዓለም የሚያሳይ) አድርጎ ልምምድ ላይ ያለ መስሎት ለንደን ከተማ ወጥቶ ሰው የሚደበድብበትን ክፍል ለወንድምሽ አሳዪው።