በቅሎዬን አሳወርክብኝ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ከሰፈሯ ልጆች ጋር ሆነው አንድ ረጅም የድንጋይ ግንብ ሊቀቡ ነው። የሚቀባው ነዋሪው ራሱ ነው፤ ሕፃን ሽማግሌ አይልም፤ ለጥምቀት መድረስ አለበት። ጥሩ ነው አልኳት። የቀለሙን ዓይነት ጠየቀችኝ፣ የብሩሹን ቁጥር ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ስልኩን ልንዘጋ ስንል ነው ነገሩ የመጣው። «ጋሼ፣ ሰዉ ቀብቶ ከሄደ በኋላ ማታ ማታ የምንችለው ልጆች ብናስተካክለውስ? ሰው እንዳይስቅብን ብዬ ነው።»

ዝም አልኩ። ኔትወርክ የሄደ መስሏት «ሃሎ፣ ሃሎ» ትላለች። መልሼ እደውልልሻለሁ ብዬ ዘጋሁት። እስካሁን አልደወልኩም። እዚሁ ልጻፈው፤ ለእሷም ለእናንተም ይሁን።

እኔ ታፔላ ጻፊ ነኝ። ነበርኩ ልበል። ፍሌክስ የሚባለው በማሽን የሚታተም ማስታወቂያ መጥቶ እንጀራችንን እስኪወስድ ድረስ ጎንደር ላይ የስንቱን ሱቅ፣ የስንቱን ጋራዥ፣ የስንቱን ጠጅ ቤት ስም ጽፌያለሁ። ጎን ለጎንም ሥዕል አስተምር ነበር። ሥራውን የለመድኩት ግን በልጅነቴ፣ በደርግ ጊዜ፣ አለቃዬ ሥር ሆኜ የቀበሌ ግድግዳ ስቀባ ነው። መዶሻና ማጭድ፣ መፈክር፣ ሦስቱ ፂማሞች። የሌኒንን ፂም አለቃዬ የሚሰጠው ለእኔ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ያንኑ ግድግዳ በኖራ አጥፉ ተባልን። በእጄ የሣልኩትን በእጄ ለቀለቅኩት፣ ሁለቴ ተከፈለኝ። ክረምቱ ሲገባ ኖራው እየተላጠ መጣና አንድ ቀን ጠዋት የሌኒን ፂም ብቅ አለ። ሰፈሩ ሲስቅ ከረመ። ኖራና የዘይት ቀለም እንደማይስማሙ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ወደ ጉዳዩ። በ1993 ዓ.ም. የምኖረው ወደ ፋሲለደስ መዋኛ በሚወርድ አንድ ቁልቁለት ላይ ነበር። በከተራ ዕለት ታቦት በደጃችን ያልፋል። መንገዱ ዳር ከኋላው አፈር የደገፈ አሮጌ ግንብ አለ፣ ሽንት ቤት ያደረጉት። እድራችን ብር አዋጣና እናሳምረው ተባለ። ሠዓሊ እኔ ስለሆንኩ ምሩን አሉኝ። ኖራውን በበርሜል ዘፈዘፍኩ፣ ግንቡን አስጠረግኩ፣ ነጭ አለበስኩት። ከዚያ ለየሰዉ ክንድ ክንድ እየለካሁ ሰጠሁ።

ጎረቤቴ ሸማኔ ነው። እርሳስ ሰጠሁት፣ አልፈልግም አለ። ከኪሱ ክር አወጣ። ግንቡ ላይ ያሉትን ድንጋዮች በጣቱ እየነካ ቆጠረ፣ በልቡ የሆነ ነገር አሰላ፣ ከዚያ ልክ ጋቢ ላይ ጥለት እንደሚጥል ከላይ ከላይ ጠርዙን ይሠራው ጀመር። የቅኔ ተማሪዎች መጥተው አንድ ጥግ ያዙ። ሕፃናቱ ደግሞ ዶሮ ብቻ ነው የሚሥሉት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሃያ ዶሮ።

ሰፈሩ ሁሉ እሜቴ የሚላቸው አንዲት እናት ነበሩ። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተው የሚሸጡ፣ ቤታቸውን በየዓመቱ በነጭ አፈርና በቀይ አፈር የሚለቀልቁ። ብሩሽ ብሰጣቸው መለሱልኝ። «ይኼ ጣቴ ምን ሆነ?» አሉኝ። የራሳቸውን ቀይ አፈር በቅል አምጥተው ከኖራ ውኃ ጋር በጠበጡ፣ ከምድጃ ከሰል ደቆሱ። ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጠው አንዲት በቅሎ ሠሩ። መረሻት የለበሰች፣ አንገቷ ላይ ቃጭል ያለባት። አራቱም እግሯ በአንድ በኩል ተደርድሯል። የምትሄደው ወደ ጎን ነው፣ ፊቷ ላይ ግን ሁለት ትልልቅ ዓይን አለ፣ ሁለቱም እኔን ያያሉ።

እኔ ያቺን በቅሎ ሳይ ሆዴ ታመመ። ውሸት አልነግራችሁም። ያን ጊዜ በከተማው ስሜ የታወቀ ነው፣ ሰው «ይኼ የማን ሥራ ነው?» ሲል የሚጠራው የእኔ ስም ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን «ከጎን ሲታይ» ብዬ ስንት ቀን ያሠቃየሁ ሰውዬ ነኝ። ከተራ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

ማታ ሰው ከገባ በኋላ ባትሪዬን ይዤ ወረድኩ። ከታፔላ ሥራ የተረፈኝ የዘይት ቀለም ነበር፣ ነጭ፣ ጥቁርና ቡኒ። መጀመሪያ አንዱን ዓይን ብቻ ነበር ላጠፋ ያሰብኩት። አጠፋሁት። ከዚያ እግሮቹ አስጠሉኝ፣ አስተካከልኳቸው። ሆዷ ሥር ጥላ ሰጠኋት። ከዚያ እጄ ሞቀልኝና ቱንቢና ውኃ ልክ ከቤት አምጥቼ የሸማኔውን ጥለት መስመር አስያዝኩት። ከዶሮዎቹም የተወሰኑትን። ስጨርስ ዶሮ ጮኋል፣ እውነተኛው ዶሮ ማለቴ ነው። እንደዚያ ሌሊት በእጄ ኮርቼ አላውቅም።

ጠዋት እሜቴ ነጠላቸውን ተከናንበው መጡ። ቆሙ። አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩ።

«በቅሎዬን አሳወርክብኝ» አሉ።

ሳቅኩ። እንደ ተማሪ ላስረዳቸው ፈለግኩ። «እሜቴ፣ ከጎን ሲታይ እኮ አንዱ ዓይን ብቻ ነው የሚታየው።»

ዞረው አዩኝ። «በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን እንደሆነ ጠፍቶህ ነው?» አሉኝና ሄዱ።

ጎንደር ተወልዶ ይህ የሚጠፋው ሰው የለም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቁ ፊቱን ወደ አንተ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ነው የሚያይህ። በጎን በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው፣ ሰቃዮቹ ናቸው። እኔ ተማሪ ይዤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ! ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች ቀና ብላችሁ እዩ፣ አንዱ ከሌላው ጋር አንድ አይደለም እያልኩ፤ ግድግዳው ላይ ያለው በጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ መሆኑን እያሳየሁ፤ ስለ ዓይኑም እያስረዳሁ። አስረድቼ ስወጣ ግን አንዲት በርበሬ የሚሸጡ እናት ያንኑ ሕግ ይዘው ግንብ ላይ ሲሠሩ ስህተት መሰለኝ። እሜቴ የሠሯት በቅሎ ቅዱስ የሚጫናት በቅሎ ነበረች። እኔ ሰይጣን አደረግኳት።

ሸማኔው ትንሽ ቆይቶ መጣ። ጥለቱን አየ፣ ክሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ፣ «ጥሩ ነው» አለኝ። ጎንደሬ ተቀይሞ «ጥሩ ነው» ካለህ አለቀልህ።

ከተራው ደረሰ፣ ታቦቱ አለፈ፣ እልልታው ቀለጠ። ግንቡም አማረ፣ እንግዶች ፎቶ አነሱት። ከሰፈራችን ሰው ግን ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ «ይቺ የእኔ ናት» ያለ አላየሁም። በዓመቱ ማስታወቂያ ተለጠፈበት፣ ማንም አልገነጠለም። ሰዉ ራሱ ስለቀባው ራሱ ይጠብቀዋል፣ ዘበኛ አያስፈልገውም ብለን ነበር እኮ።

ክረምቱ ደግሞ የራሱን አደረገ። ከኋላው አፈር ያለው ግንብ ዝናቡን ይጠጣና በበጋ በፊቱ በኩል ይተነፍሰዋል። ኖራ ያስተነፍሰዋል፤ የእሜቴም ቀይ አፈር ከኖራው ጋር ደርቆ እንደ ድንጋይ ይዞ ነበር። የእኔ ዘይት ግን አፍኖ ያዘው። መስከረም ላይ ሄጄ ሳየው የተቃጠለ ቆዳ መስሎ ውኃ ቋጥሯል፤ በጣቴ ስነካው ሥሩ ያለውን የእሜቴን አፈር ይዞ ተገነጠለ። ያልነካኋቸው ዶሮዎች እንዳሉ ነበሩ። የሌኒንን ፂም ያየሁ ሰውዬ ነኝ እኮ፣ እያወቅኩ! ያን ሌሊት እውቀቴ የት እንደሄደ ዛሬም አይገባኝም።

ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። ነገ ከነገ ወዲያ እያልኩ፣ ሰላም ሲሉኝ ሰላም እያልኩ፣ በርበሬያቸውን እየገዛሁ። በሁለተኛው ዓመት አረፉ። ለቅሶ ልደርስ ስገባ ልጃቸው ለተቀመጡት ዘመዶች «የበቅሎዋ ሰውዬ እኮ ነው» ብላ አስተዋወቀችኝ። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሳቁ። እሜቴ ቤታቸው ውስጥ ነገሩን እንደ ቀልድ ያወሩት ይሁን እንደ በደል፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ንፍሮዬን ይዤ አቀረቀርኩ።

እንግዲህ አንቺ ልጅ፣ ማታ ማታ እናስተካክል ላልሽው መልሴ ይኼ ነው፤ አትንኩት።

ደግሞ ሌላም አለብኝ፣ ልደብቅ አልችልም። ዛሬም ጠማማ መስመር ሳይ እጄን ይበላኛል። ሰው ስለሠራው ብቻ ሁሉም ነገር ያምራል የሚሉትን አልወድም፤ እናንተ ዘመን ላይ ይኼ በዝቷል፣ መስመር ሳትማሩ «ስታይሌ ነው» ትላላችሁ። ስልካችሁ የሣለውን በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ አብርታችሁ ዳሩን ተከትላችሁ ትቀቡና ሠዓሊ ነን ትላላችሁ። የስፖንሰሩ ሎጎ ከሥዕሉ ይበልጣል። ቀለሙ ሳይደርቅ ቲክቶክ ላይ ነው። መሣል ተማሩ፣ እጃችሁን አድክሙት። ብቻ የተማራችሁትን በራሳችሁ ክንድ ላይ አድርጉት። አንድ ክንድ ለእናንተ ያዙ፣ እዚያ ላይ እንደ ፈለጋችሁ ጥላ ስጡ።

ስለ ፈቃድ ምናምን አልጽፍም፣ ሄዳችሁ ጠይቁ። ፋሲል ግቢ አጥር አጠገብ ቀለም ይዛችሁ እንዳትደርሱ ብቻ፤ ግቢው በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፣ ድንጋዩም የያዘው በኖራ ነው፣ እናንተ ከምትገዙት ቀለም ጋር አይተዋወቅም።

የእኛ ግንብ አሁን የለም፣ መንገዱ ሲሰፋ ፈርሷል። መንገዱ ጥሩ ሆኗል፣ አልክድም። አንድ ዶሮ የነበረበት ድንጋይ ግን ቤቴ አለ። ጫኝ አስይዤ ነው ያመጣሁት፣ ሚስቴ ዕድሜህ ገፍቷል ብላ ስቃብኛለች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጃንተከል ዋርካ ሥር ጠብቂኝ። ኖራውን ዛሬውኑ በርሜል ውስጥ ዘፍዝፊው፤ ውኃ ሲነካው ይፈላል፣ ፊትሽን አርቂ፣ ሕፃናቱ እንዳይጠጉ። ሰፈራችሁ ውስጥ ቤታቸውን በቀይ አፈር የሚለቀልቁ እናት ካሉ ደግሞ አፈሩን ከየት እንደሚያመጡት ጠይቂልኝ፤ የእሜቴ ዓይነት ቀይ አፈር እስካሁን አላገኘሁም።