የጁስ ቤቱ ሎጎ ለምን አልበራም?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ለጁስ ቤት ክብ ብርቱካንማ ሎጎ ነጭ ጀርባ ላይ በፎቶሾፕ ሠርተሻል። አውተር ግሎው፣ ማለትም በቅርጹ ዙሪያ ብርሃን የሚያወጣውን ኤፌክት ብትጨምሪበትም አልበራ ብሎሻል። እንዲያብለጨልጭ የቀባሽው ነጭም ጭጋግ መሰለ። እኔንም ሥራ ስጀምር ብዙ ያለፋኝ ይኸው ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ነጩን ጀርባ አጥፊው። አውተር ግሎው ሲከፈት የሚመጣው ስክሪን በሚባለው ሞድ (ከሥሩ ካለው ቀለም ጋር በሚዋሃድበት መንገድ) ነው። ስክሪን ከሥሩ ያለውን ቀለም ያፈካል እንጂ አያጨልምም። ነጭ ደግሞ ከዚያ በላይ አይፈካም። የግሎውን ሳይዝ (ስፋቱን) 200 ብታደርሺው እንኳ ምንም አይታይሽም።

ይህ ነገር የገባኝ ኮምፒውተር ላይ አይደለም። ፒያሳ አንድ ዲዛይን ቤት ተቀጥሬ በምሠራበት ጊዜ፣ ማታ ማታ ታክሲ ልይዝ ስሄድ በወርቅ ቤቶቹ መስኮት ሥር ነበር የማልፈው። አንድ ቀን ቆም አልኩ። ቀለበቶቹ የተደረደሩት ጥቁር ከፋይ ላይ ነው። አንዷ ብቻ ነጭ ሣጥን ውስጥ ነበረች። መብራቱ ያው፣ ወርቁም ያው፣ እሷ ግን ፈዛለች። በማግስቱ የጀመርኩትን ሥራ ከፍቼ ጀርባውን አጠቆርኩት፤ በራ። ላንቺ ከድፍን ጥቁር ይልቅ በጣም የጠቆረ ቡኒ ይሻላል፤ ከብርቱካንማው ጋር ይስማማል።

ከዚያ በአንድ አውተር ግሎው ብቻ አትመኪ። የክቡን ሌየር (ንብርብር) በኮንትሮል ጄ ሁለት ጊዜ አባዢና ቅጂዎቹን ከዋናው ሥር አድርጊ። ስማርት ኦብጀክት (ኤፌክቱ ተመልሶ የሚስተካከልበት ሌየር) ካደረግሻቸው ብለሩን፣ ማለትም ማደብዘዣውን፣ በኋላ እንደልብሽ ትቀይሪዋለሽ። ሥራሽ 2000 በ2000 ፒክሰል ከሆነ አንዱን በጋውሺያን ብለር 40፣ ሌላውን 150 አካባቢ አደብዝዢ። ሁለቱም ስክሪን ይሁኑ። የቅርቡን ወደ ቢጫ፣ የሩቁን ወደ ቀይ ውሰጂው፤ የሩቁን ኦፓሲቲም (ድፍንነቱንም) ቀነስ አድርጊ። ለቡና የተቀጣጠለ ከሰል ልብ ብለሽ እዪ፤ መሀሉ ቢጫ ነው፣ ዳር ዳሩ ይቀላል።

ማብለጭለጭ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የሚበራ ነገር ጠርዙ ለስላሳ ነው። አብለጭላጭ ነገር ላይ የምታዪው ነጭ ግን የአምፖሉ ወይም የመስኮቱ ምስል ነው፤ ጠርዙ ቁርጥ ያለ ነው። ጭጋግ የመሰለብሽ በለስላሳ ብሩሽ ስለቀባሽው ነው። ቲማቲም እጠቢና አምፖል ሥር አገላብጪው። ቲማቲሙ ይዞራል፣ ነጩ ነጥብ ግን አብሮ አይዞርም፤ በአምፖሉ በኩል ይቆያል።

ስለዚህ በአዲስ ሌየር፣ ከክቡ የላይኛው ግማሽ ላይ ነጭ ሞላላ ሥሪ። ከክቡ ውጭ እንዳይታይ ክሊፒንግ ማስክ አድርጊው። ከዚያ ሌየር ማስክ (የሌየሩን ክፍል የሚደብቅ መሸፈኛ) ጨምሪና በግራዲየንት፣ ቀስ በቀስ በሚለወጥ ቀለም፣ ወደ ታች እየሳሳ እንዲጠፋ አድርጊው። ኦፓሲቲው 60 በመቶ ቢሆን ይበቃል። የክቡን የታችኛውን ክፍል ደግሞ ፈካ አድርጊ። በጁስ የተሞላ ብርጭቆ መስኮት አጠገብ ሲቀመጥ ብርሃኑ አልፎ በወዲያኛው በኩል ይጠራቀም የለ? እንደዚያ ነው።

ስሙን በአማርኛ ስለጻፍሽው አንድ ነገር ልጨምር። የ"መ" እና የ"ው" ዓይን፣ ማለትም ውስጣቸው ያለው ክፍት ቦታ፣ ጠባብ ነው፤ ግሎው ሲበዛበት ይደፈንና አይነበብም። ለፊደሉ በጣም ትንሽ ሳይዝ ይበቃዋል።

ሎጎው ለታፔላ ወይም ለስቲከር ከሆነ ሳታሳትሚ በፊት ኮንትሮል ዋይ ተጫኚና ቀለሙ በሲኤምዋይኬ፣ ማለትም በማተሚያ ቀለሞች፣ ምን እንደሚመስል እዪ። እኔ ይህን ሳላደርግ ለአንድ ካፌ ያሳተምኩት ሥራ፣ ኮምፒውተር ላይ ፍም የመሰለው ብርሃን ወረቀት ላይ አመድ መስሎ ወጣ። ደንበኛዬ ምንም አላለችኝም፤ ዝም ብላ አየችው። በራሴ ወጪ ደግሜ አሳተምኩላት። እንደ ስክሪን ያሉት ሞዶች በሲኤምዋይኬ ሲሰሉ ውጤታቸው ስለሚለይ፣ መጀመሪያ የፋይሉን ኮፒ አውጪ፤ ኮፒውን በአርጂቢ (በኮምፒውተር ማሳያ ቀለሞች) እንዳለ ፍላተን አድርጊ፣ ሌየሮቹን አንድ አድርጊያቸው ማለት ነው፤ ከዚያ ወደ ሲኤምዋይኬ ቀይሪው። ዋናውን ፋይል ግን ከነሌየሩ አስቀምጪ፤ ባለቤቱ ነገ "ማንጎ አድርጊልኝ" ማለቱ አይቀርም።