የማልጠቀምበትን የሱቅ ካርድ ልዝጋው ወይስ ይቀመጥ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። ኑሮዬ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። እናቴን ላስታምም መጥቼ ክረምቱን እዚሁ ነኝ። እዚያ ልብስም ሶፋም ስገዛ ካሸሯ «አሁን ካርድ ብታወጪ ቅናሽ አለሽ» ስትለኝ እሺ እያልኩ አራት የሱቅ ክሬዲት ካርድ አጠራቅሜያለሁ። የአራቱ ጣሪያ፣ ማለትም ልበደርበት የተፈቀደልኝ ከፍተኛው፣ ሲደመር 5,000 ዶላር ነው። ዕዳ የለባቸውም፣ ከዓመት በላይም አልነካኋቸውም። ሌላ አንድ የባንክ ክሬዲት ካርድ አለኝ፤ ጣሪያው 3,000 ሲሆን 1,200 ዶላር አለብኝ። ስመለስ ቤት ለመግዛት ብድር ልጠይቅ አስቤያለሁ። እናቴ «የማትገዢበትን ሱቅ ምን አንጠልጥለሽ ያዝሽው? ዝጊና ተገላገይ» ትለኛለች። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ከዘጋሽ ስኮርሽ (አበዳሪዎች የሚመዝኑሽ ነጥብ) ይወርዳል» አለችኝ። የማንን ልስማ?

መልስ፦ በቅድሚያ ለእናትሽ ምሕረቱን ያምጣላቸው። እህታለም፣ አሁን አትዝጊ። የቤቱ ብድር ካለቀ በኋላ ግን እኔም ከእናትሽ ጋር ነኝ።

እናትሽ የሚያውቁት የባለሱቁን የዱቤ ደብተር ነው። ከፈልሽ፣ ተሰረዘ፣ በቃ። እዚያ ግን ያልተበደርሽውም ይቆጠራል። ፋይኮ የሚባለው ስኮር ከ300 እስከ 850 ይሄዳል። ከዚህ 35 በመቶው ዕዳሽን በወቅቱ መክፈል አለመክፈልሽን፣ 30 በመቶው ደግሞ ያለብሽን ዕዳ የሚያይ ነው፤ እዚህኛው ውስጥ ከባዱ ነገር ከተፈቀደልሽ ጣሪያ ስንት በመቶውን ይዘሻል የሚለው ነው።

ያንቺን እንየው። አሁን ጣሪያሽ በድምሩ 8,000 ነው። ያለብሽ 1,200፣ ማለትም 15 በመቶ። ጥሩ ነው። አራቱንም ብትዘጊ ጣሪያሽ 3,000 ብቻ ይሆናል። ዕዳሽ አንድ ዶላር ሳይጨምር 15 የነበረው 40 በመቶ ሆኖ ቁጭ ይላል፤ ያውም ባንኩ ፋይልሽን ሊያገላብጥ በተዘጋጀበት ሰዓት። ባልደረባሽ ልክ ናት የምልሽ ለዚህ ነው።

ግን የእሷም ምክር ሙሉ አይደለም። የባንክ ካርድሽን 1,200 ከፍለሽ ብትጨርሺ፣ የሱቆቹን ዘጋሽም አልዘጋሽም ይሄ ስሌት ዜሮ በመቶ ነው። ስለዚህ ብር ካለሽ መጀመሪያ እሱን ክፈዪ። ካርድ ስለመዝጋት ከምትጨነቂው በላይ የሚጠቅምሽ ይሄ ነው፣ ወለዱም ይቆምልሻል። ደግሞ «ከዘጋሁት የቆየ ታሪኬ ይጠፋል» የሚባለውን ብዙም አትስሚው። በደንብ የተከፈለ ካርድ ከተዘጋ በኋላም እስከ 10 ዓመት የብድር ታሪክ ሪፖርትሽ ላይ ይቆያል፣ ፋይኮም ዕድሜውን ይቆጥርልሻል። ሌሎች የስኮር ስሌቶች ግን የተዘጋውን ላይቆጥሩት ይችላሉ።

ታዲያ በኋላስ ለምን ትዘጊያለሽ? የሱቅ ካርድ ወለድ ከባድ ነው፣ ብዙ ጊዜ በዓመት 30 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። አንድ የተረሳች ሒሳብ 30 ቀን ካለፋት የብድር ታሪክሽን ለሚመዘግቡት ክሬዲት ቢሮዎች ትነገራለች፣ ከዚያም 7 ዓመት ስምሽ ላይ ትቆያለች። አንቺ ፍኖተ ሰላም ተቀምጠሽ ፖስታሽ ሜሪላንድ ሲከመር፣ አንዱ ካርድሽን ቢጠቀምበት መቼ ታውቂያለሽ? ዕዳ ከሜዳ ማለት ይሄ ነው። ካሸሯ ካርድ ባቀረበች ቁጥር እጅሽ የሚፈታ ከሆነ ደግሞ ስኮር ምናምን ሳትዪ ዝጊው፤ በወለድ የምትከፍዪው ከስኮሩ ይበልጣል። (ካሸሯንም አልወቅሳትም፣ ሥራዋ ነው።)

እስከዚያው ከዚሁ ሆነሽ አካውንቶቹን በኢንተርኔት ክፈቺና የእያንዳንዷ ግዢ መልእክት በኢሜይል እንዲመጣልሽ አድርጊ። በስልክ ብቻ ካደረግሽው የአሜሪካ ቁጥርሽ እዚህ ላይሠራ ይችላል። ከሦስቱ ቢሮዎች፣ ከኢኩዊፋክስ፣ ከኤክስፔሪያንና ከትራንስዩኒየን ሪፖርትሽን በነፃ ማየት ትችያለሽ። ፋይልሽን ማስቆለፍም በፈረንጆቹ ከ2018 ጀምሮ በነፃ ነው። ያ በስምሽ አዲስ ብድር እንዳይከፈት ይከላከላል እንጂ ያሉትን ካርዶች አይጠብቅም፤ ለቤቱ ብድር ስትሄጂ ማስከፈቱንም እንዳትረሺ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ሳይነካ የቆየ ካርድን ሰጪው ራሱ ሊዘጋው ይችላል። ጣሪያውን የግድ የምትፈልጊው ከሆነ ስትመለሺ ካልሲም ቢሆን ግዢበትና ወዲያው ክፈዪ።

ብድሩ አልቆ ቁልፉን ከተረከብሽ በኋላ ከአዲሱና ጣሪያው ትንሽ ከሆነው ጀምረሽ ዝጊ። በመቀስ መቁረጥ መዝጋት አይደለም። ካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውለሽ ሒሳቡ ዜሮ መሆኑን አረጋግጪ፣ ዝጉልኝ በዪ፣ በጥያቄዬ ተዘጋ የሚል ደብዳቤ ጠይቂ። ከሁለት ወር በኋላ ሪፖርቱን እዪው። ከፍኖተ ሰላም መደወል ካማረሽ አሁን በክረምቱ እኛ ጋ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲል ሜሪላንድ ገና ጠዋት 3 ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ አስተማሪ ነኝ፤ ከደንበጫ ወደ ብቸና ተዛወርኩ። ደንበጫ ሁለት ሱቅ ዱቤ ነበረኝ። አንዱን ጨርሻለሁ፣ አንደኛው ትንሽ ይቀረዋል። ካሁን በኋላ ስለማልገዛ ዝም ብዬ ብተወውስ?

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ! የቀረውን ላክለት፣ ከዚያም ደውለህ ገጹ መሰረዙን ጠይቀው፤ ፎቶ አንስቶ ቢልክልህ ደግሞ የተሻለ። ዜሮ የሆነውንም ቢሆን ዝም አትበል። ድሮ ልጅ ልከህ ሳሙናና ዘይት ታስመጣ አልነበር? ባለሱቁ ያንን ልጅ አሁንም ያምነዋል። «በስሜ ለማንም እንዳትሰጥ» ብለህ በስም ንገረው። ሰላምታም አቅርብለት፣ ነገ ዝውውሩ ተመልሶ ደንበጫ ሊጥልህ ይችላል።