የቆየው የሪዮሃ ቀይ ወይን ጠጅ፦ የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ስለ ስፔን ቀይ ወይን ጠጅ ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያተኩሩት በሰሜን ስፔን፣ በሪዮሃ ክልል በምትገኘው በአሮ ከተማ ራፋኤል ሎፔስ ዴ ኤሬዲያ በ1877 እ.ኤ.አ. ባቋቋመው የወይን ጠጅ አምራች ቤትና ቪኛ ቶንዶኒያ በተባለው ወይን ጠጁ ላይ ነው። ቤቱ ዛሬም በመሥራቹ ዘሮች እጅ ይገኛል።

ከስፔን የመጣልኝን የቪኛ ቶንዶኒያ ሬዘርቫ (ከመሸጡ በፊት ለዓመታት የቆየ ወይን ጠጅ) ስቀዳው ቀለሙ የሳሳ፣ ዳር ዳሩም የሸክላ መልክ ያለው ሆነብኝ፤ ከጠርሙሱ ሥርም ዝቃጭ አለ። ተበላሽቶ ይሆን?

አልተበላሸም። ወጣት ቀይ ወይን ጠጅን የሚያጠቁረው ከፍሬው ቆዳ የሚወጣው ቀለም ሲሆን፣ ይህ ቀለም ከዓመታት በኋላ አፍን ከሚያደርቀው ታኒን ጋር እየተጣመረ ስለሚከብድ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ስለዚህ የሳሳው መልክና ያስተዋሉት ዝቃጭ መነሻቸው አንድ ነው። ነጭ ወይን ጠጅ ግን በተቃራኒው፣ በቆየ ቁጥር መልኩ ይጠቁራል። ይህ ቤት ደግሞ ሬዘርቫውን ለስድስት ዓመት ያህል በኦክ በርሜል ያቆየዋል፤ በእነዚህ ዓመታትም ወይን ጠጁ በዓመት ሁለት ጊዜ ከበርሜል ወደ በርሜል በእጅ ስለሚገለበጥ፣ በየጊዜው ጥቂት አየር እያገኘ ዝቃጩን ከኋላው ይተዋል። በርሜሎቹን የሚሠሩት የቤቱ የራሱ ባለሙያዎች ሲሆኑ እንጨቱ የአሜሪካ ኦክ ነው፤ ሆኖም አብዛኞቹ ለብዙ ዓመት ያገለገሉ በመሆናቸው የእንጨቱ ጣዕም የፍሬውን አያፍነውም። በብርጭቆው ውስጥ የሚጠብቅዎ የትኩስ ፍሬ ጣፋጭነት ሳይሆን የደረቀ በለስ፣ የትምባሆ ቅጠል፣ የቆዳና የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ነው፤ ኮምጣጣነቱም በእርጅና የመጣ ጉድለት ሳይሆን ወይን ጠጁን ይህን ያህል ዘመን ያቆመው ምሰሶ ነው። በእርግጥ የተበላሸ ወይን ጠጅ የሚታወቀው በአቸቶ ሽታ፣ ወይም ቡሹ ሲበከል በሚመጣው የረጠበ ካርቶን ሽታ ነው።

ሌላ ጊዜ ጠርሙሱን ከመክፈትዎ አንድ ቀን አስቀድመው ቀጥ አድርገው ያቁሙትና ቀስ ብለው ይቅዱት። በሰፊ ማንቆርቆሪያ ገልብጦ ለሰዓታት ማቆየት ለወጣት ወይን ጠጅ ይጠቅም ይሆናል፤ እንዲህ የቆየውን ግን መዓዛውን ያሳጣዋል።

ክሪያንሳ፣ ሬዘርቫና ግራን ሬዘርቫ የሚሉት ጽሑፎች የጥራት ደረጃዎች ናቸውን?

ቆይታን የሚናገሩ ናቸው። በሪዮሃ ደንብ መሠረት ቀይ ክሪያንሳ ቢያንስ 2 ዓመት መቆየት ሲኖርበት ከዚህ ውስጥ አንዱን በበርሜል ያሳልፋል፤ ሬዘርቫ ቢያንስ 3 ዓመት ይቆያል፤ ግራን ሬዘርቫ ደግሞ ቢያንስ 5 ዓመት ቆይቶ ከእነዚህ 2ቱን በበርሜል፣ 2ቱን በጠርሙስ ያሳልፋል። ደንቡ የሚወስነው ዝቅተኛውን ነውና የአሮው ቤት ከዚያ እጅግ አልፎ ይሄዳል። ደካማ ፍሬ በበርሜል ስለሰነበተ ብርቱ አይሆንም፤ ስለዚህ ግራን ሬዘርቫ የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አይተው ገንዘብዎን ከሚያወጡ፣ የታመነ ቤት ክሪያንሳ ቢገዙ ይሻላል ባይ ነኝ።

በሪዮሃ ወይን ጠጅ ታሪክ ውስጥ የፈረንሳዩ ቦርዶ ስም ለምን በተደጋጋሚ ይነሣል?

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እንደ ማርኬስ ዴ ሙሪዬታና ማርኬስ ዴ ሪስካል ያሉ ቤቶች የቦርዶን የበርሜል አያያዝ ወደ ሪዮሃ አስገብተው ነበር። ጥቂት ቆይቶ ፊሎክሴራ የተባለው ሥር በል ተባይ የፈረንሳይን የወይን እርሻ ሲያጠፋ፣ የቦርዶ ነጋዴዎች ወይን ጠጅ ፍለጋ ወደዚሁ አካባቢ ጎረፉ፤ በአሮ ባቡር ጣቢያ ዙሪያ ታላላቅ ቤቶች ተጎራብተው የተተከሉትም ጭነቱ በባቡር ይሄድ ስለነበር ነው። ተባዩ በ1899 ሪዮሃንም አልማረም። ቶንዶኒያ የተባለው እርሻ ራሱ ከዚህ ጥፋት በኋላ፣ በ1913 እና በ1914፣ የኤብሮ ወንዝ በሚታጠፍበት ቦታ የተተከለ ሲሆን 100 ሄክታር ያህል ስፋት አለው። ቀዩ ወይን ጠጅ በዋነኛነት ቴምፕራኒዮ ከተባለው የወይን ፍሬ ዝርያ የሚሠራ ሆኖ ጋርናቻ፣ ግራሲያኖና ማሱዌሎ የተባሉት ዝርያዎች ይታከሉበታል።

ወይን ጠጁ በእንቁላል ይጣራል ሲባል ሰማሁ። ይህ በጾም ወራት አያስቸግርምን?

የሰሙት እውነት ነው። አስኳሉ ተለይቶ የእንቁላሉ ነጭ ብቻ ተመትቶ በበርሜሉ ይጨመራል፤ ሻካራውን ታኒን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከዚያም የጠራው ወይን ጠጅ ከላዩ ይገለበጣል። በጠርሙሱ ውስጥ የሚቀር ነገር ካለ እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ጾም ያስገድፋል ወይስ አያስገድፍም የሚለውን መወሰን ግን የዚህ ዓምድ ሥልጣን ስላልሆነ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። ሁሉም ወይን ጠጅ በእንቁላል እንደማይጣራ፣ ለዚሁ ሥራ የሸክላ አፈር የሚጠቀሙ አምራቾች እንዳሉም ይወቁ።

ልጄ 4 ዓመቷ ነው። አንድ ጠርሙስ ለሠርጓ ባስቀምጥስ?

12 ወይም 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ቅዝቃዜ ያለው፣ ጨለማና ሙቀቱ የማይለዋወጥ ምድር ቤት ካለዎት፣ ጠርሙሱን አጋድመው ማስቀመጥ ይችላሉ። ቦታው የወጥ ቤት ቁም ሣጥን ከሆነ ግን አይድከሙ። የዚህ ቤት ሬዘርቫ ለሽያጭ የሚቀርበው አሥር ዓመት ገደማ ከሞላው በኋላ በመሆኑ፣ ከእርስዎ የሚጠበቀውን ትዕግሥት ቤቱ አስቀድሞ ጨርሶልዎታል፤ ይህን አሁን ይጠጡትና ለሠርጉ በጊዜው ሌላ ይግዙ።

ከዶሮ ወጥ ጋር ይስማማልን?

አይስማማም። የበርበሬው ማቃጠል የአልኮሉን ግለት ያብሳል፣ ስሱንም መዓዛ ይውጠዋል። በሪዮሃ በወይን ሐረግ ፍም ከተጠበሰ የበግ ጎድን ጋር ይቀርባል፤ በእኛም ማዕድ ሚጥሚጣ ያልነካው የበግ ጥብስ ለዚሁ ይሆናል፤ ወይን ጠጁንም በ17 ዲግሪ ገደማ ያቅርቡት።