የዱባዩ ነዛሪ ለአዲስ አበባ ጥቁር አፈር ይሆናል?

ጥያቄ፦ ዱባይ በግንባታ ሥራ ላይ ነኝ። እዚህ ባሕር ውስጥ በተሞላ አሸዋ ላይ ሕንፃ ከመነሣቱ በፊት፣ በክሬን የተንጠለጠለ ረጅም ነዛሪ ወደ ምድር እየገባ መሬቱን ሲጠቀጥቅ አያለሁ። አዲስ አበባ፣ ቦሌ በኩል ጂ ፕላስ ዋን ልሠራበት ያሰብኩት ቦታ ጥቁር አፈር ነው። በዚህ መሣሪያ ማጠንከር ይቻላል? ወይስ ሮለር ይበቃል?
አንባቢ፣ ከዱባይ

መልስ፦ ሁለቱም አይሆኑም፤ እንዲያውም ሮለሩ ሊጎዳዎት ይችላል።

ያዩት መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በጀርመን የተፈለሰፈ ሲሆን፣ የፓልም ጁሜራ ደሴት አሸዋም የተጠቀጠቀው በዚሁ ዘዴ ነው። ነዛሪው ውሃ እየረጨ በራሱ ክብደት ይወርድና፣ በውስጡ የሚሽከረከረው ሚዛኑን የሳተ ብረት ወደ ጎን ያርገፈግፈዋል። በዚህ ጊዜ በውሃ የራሱት የአሸዋ ቅንጣቶች ለአፍታ ይላቀቁና ከቀድሞው ይበልጥ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ኦፕሬተሩ ነዛሪውን ግማሽ ሜትር ያህል ከሳበ በኋላ ቆም እያደረገ የአምፔር መለኪያውን ይመለከታል፤ አሸዋው በጠነከረ ቁጥር ሞተሩ የሚስበው ኤሌክትሪክ ይጨምራልና። ዙሪያው እየሰመጠ ስለሚሄድም ከላይ አሸዋ ይጨመርበታል።

ይህ የሚሠራው ግን ውሃ ቶሎ በሚያሳልፍ አፈር ላይ ብቻ ነው። በአፈሩ ውስጥ ያለው እንደ ዱቄት የላመ ደቃቅ ክፍል ከ10 እስከ 15 በመቶ ካለፈ ንዝረቱ ፋይዳ ያጣል፤ ጥቁር አፈር ደግሞ አብዛኛው ደቃቅ ሸክላ ነው። ፈረንሳዊው ኢንጂነር ሉዊ ሜናር ያስፋፋው፣ ከባድ ብረት ከከፍታ እየጣሉ የመጠቅጠቅ ዘዴም ቢሆን ለእርስዎ አይጠቅምም፤ 16 ቶን ከ16 ሜትር ከፍታ ቢጣል በተስማሚ አፈር ላይ እስከ 8 ሜትር ጥልቀት ሊሰማ ይችላል፣ በሸክላ ላይ ግን ውጤቱ ደካማ ነው፤ በመኖሪያ ሰፈር መካከልም የጎረቤትን ግድግዳ ይሰነጥቃል።

ዋናው ነገር ደግሞ የጥቁር አፈር በሽታ ልልነት አለመሆኑ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍተው፣ በክረምት አብጦ ወለልና ግድግዳ የሚያነሣው በውስጡ ያለው ውሃ የሚመጥ የሸክላ ማዕድን ነው። ይበልጥ በተጠቀጠቀና በደረቀ መጠን ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥበት ኃይል ይጨምራል፤ ሮለሩን የፈራሁትም ስለዚህ ነው። የጠጠር ምሰሶ የማስገባት ዘዴም አለ፤ ለልል ሸክላ ጥሩ ቢሆንም በእንዲህ ያለው አፈር ውስጥ ለውሃ መግቢያ በር ይከፍታል ብዬ እሰጋለሁ።

ስለዚህ ከዲዛይኑ በፊት የአፈር ምርመራ ያስቆፍሩና የጥቁሩን ንጣፍ ውፍረት ይወቁ። ሁለት ሜትር ገደማ ከሆነ ሙሉ በሙሉ አውጥቶ መጣልና ፉቲንጉን (የመሠረቱን እግር) ከሥሩ ባለው ጠንካራ መሬት ላይ ማሳረፍ ከሁሉ የተሻለ ነው። ወለሉ የሚያርፍበት ሙሌት ጥሩ ገረጋንቲ ይሁን፤ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር በሆነ ንጣፍ እየተነጠፈ፣ በመጠኑ እየረጠበ ይጠቅጠቅ። ሮለር ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ውሃ የሚያሳልፍ ልቅ አሸዋ ግን አይሙሉበት፤ የተቆፈረው ጉድጓድ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ገንዳ ይሆናልና። ንጣፉ ጥልቅ ከሆነ መሐንዲሱ ምናልባት ፓይል (ወደ ጥልቁ መሬት የሚወርድ የመሠረት ምሰሶ) ያዝልዎታል፤ በዚህ ጊዜ ግራውንድ ቢሙ (ግድግዳውን የሚሸከመው አግድም የኮንክሪት ማገር) አፈሩን እንዳይነካ ከሥሩ ባዶ ቦታ እንዲተው ይጠይቁ። ሴፕቲክ ታንኩንም ሆነ ባሕር ዛፉን ከቤቱ ያርቁ፤ የጣሪያው አሸንዳ የሚያወርደውም ውሃ ከመሠረቱ ርቆ በቦይ ይውጣ።