ፅንሱ የጨነገፈው ባለመብላቴ ይሆን?

ጥያቄ፦ የኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ። የመጀመሪያ እርግዝናዬ በዘጠኝ ሳምንቱ አስወረደኝ። ያን ሰሞን ምግብ አልረጋልኝ ብሎ ብዙውን ቀን በቡናና በቆሎ ነበር የምውለው። አማቴ «ሆድሽን ባዶ እያደረግሽው ነው» ይሉኛል። እውነት ነው? ደግሜ ከማርገዜ በፊትስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህታችን፣ ጥፋተኝነቱን ከልብዎ ያውጡት። በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ከሚጨነግፉት ፅንሶች ግማሽ ያህሉ ገና ሲፀነሱ ጀምሮ የክሮሞዞም (የዘር ባሕርይ ተሸካሚ) ቁጥራቸው የተዛባ ነው። ይህን የእናት አበላል አያመጣውም። በማቅለሽለሽ ምክንያት ለጥቂት ሳምንታት ምግብ መቀነስም ብቻውን ፅንስ አያስወርድም።

ለሚቀጥለው እርግዝና ግን ዝግጅቱ ከአሁኑ ይጀመር። ከማርገዝዎ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድመው እስከ 12ኛው ሳምንት በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚን ይዋጡ። የፅንሱ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሠራበት ቱቦ በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ስለሚዘጋ፣ የወር አበባ ቀርቶ ጤና ጣቢያ እስኪሄዱ ጊዜው ያልፋል። የተረጋገጠው ጥቅሙ ቱቦው ሳይዘጋ ሲቀር የሚመጣውን የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ጉድለት መከላከል ነው፤ ጭንገፋን ያስቀራል ብለው ግን አይጠብቁ። ቀድሞ ይህ ጉድለት ያለበት ልጅ የወለደች እናት መጠኑ ስለሚጨምር ሐኪም ይዘዝላት።

በጣም መክሳት ለጭንገፋ ያጋልጣል፤ ከመጠን በላይ መወፈርም እንዲሁ። ክንድዎን ጤና ጣቢያ ያስለኩ፤ ዙሪያው ከ23 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ሰውነትዎ ምግብ አንሶታል ማለት ነው። የደም ማነስና የስኳር ምርመራም አብረው ያድርጉ።

ቡና አይከለከልም፤ በቀን ከሁለት ሲኒ ባይበልጥ ጥሩ ነው። በምስርና በጎመን ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ስለሚያግድ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። ወጡ ላይ ሎሚ ቢጨምቁበት ብረቱ በደንብ ይወሰዳል። ጎመኑን ቀቅለው ውኃውን ከደፉት ፎሌቱም (በምግብ ውስጥ ያለው የፎሊክ አሲድ ዓይነት) አብሮ ይሄዳል። ደሴም ኮምቦልቻም ቡናው ላይ ጤና አዳም መጨመር የተለመደ ነው፤ ማህፀንን ስለሚያነቃቃ በእርግዝና ጊዜ ይቅርብዎ። ጫትም ይተው።

ከሚበላው በላይ እኛን የሚያሳስበን ያልበሰለው ነው። ያልፈላ ወተት፣ ከእሱ የተሠራ እርጎና አይብ ብሩሴላና ሊስቴሪያ የሚባሉ ባክቴሪያዎችን ሊይዙ ይችላሉ፤ ሁለቱም ፅንስ ሊያስወርዱ ይችላሉ። ወተቱ ገንፍሎ ይፍላ፤ እርጎውም ከፈላ ወተት ይሠራ። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ፅንስን የሚጎዳ ጥገኛ ተሕዋስ ሊያስይዙ ይችላሉ። ጉበትና ጉበት የገባበት ዱለት ሲበዛ ፅንስን የሚጎዳው የቫይታሚን ኤ ክምችታቸው ከፍ ያለ ስለሆነ ቢበስሉም በእርግዝናው ወራት ይተዉ።

እንደገና አርግዘው ሁለት ሰዓት ሙሉ በየሰዓቱ ሁለት ሞዴስ የሚያርስ ደም ከፈሰሰዎ፣ ትኩሳት ከያዘዎ፣ ወይም በአንድ ጎን ብርቱ ቁርጠትና ራስን መሳት ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሆስፒታል ይሂዱ። ለሁለተኛ ጊዜ ካስወረደዎ ደግሞ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) እና የማህፀን ምርመራ እንዲደረግልዎ ይጠይቁ።