ለሃይማኖት ጥናት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ፦ ከሰሜን ሸዋ ልጆች ጋር የተደረገ ጥያቄና መልስ

መምህሩ፦ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ግዕዝና የብራና ጥናት አስተምራለሁ። ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪዬን በውጭ ድጋፍ ስለ ተማርሁ የማውቀውን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ሁለት ነገር ላሳስብ። ለደላላ የሚከፈል “የማስፈጸሚያ” ገንዘብ የሚጠይቅ እውነተኛ ስኮላርሺፕ የለም። ደግሞም የዜግነት መስፈርቱን ሳታነቡ ቅጽ መሙላት አትጀምሩ፤ በአሜሪካ ለነገረ መለኮት ተማሪዎች ከሚሰጡት ድጎማዎች ብዙዎቹ ለአገሩ ዜጎች ብቻ ናቸው።

ከመሐል ሜዳ፦ መምህር፣ ስኮላርሺፕ ካለ እባክዎ ይንገሩኝ።

መምህሩ፦ ይህ እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም። ስንተኛ ዲግሪ ነው? የየትኛው ሃይማኖት ጥናት ነው? የምታነበው በየትኞቹ ቋንቋዎች ነው? እነዚህን ጽፈህ ተመለስ።

ከመንዝ፣ አንድ ዲያቆን፦ ከቅኔ ቤት ወጥቼ በግዕዝ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዣለሁ። አያቴ ባገለገሉበት ደብር ያሉትን ብራናዎች ለማጥናት የሚደግፈኝ ማን ነው?

መምህሩ፦ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። መጀመሪያ ሁለት ዓይነት ድጋፍ መኖሩን ለይ፤ አንደኛው ዲግሪህን እስክትጨርስ የሚያስተምርህ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት የምርምር ቆይታ ብቻ የሚከፈል ነው። በየዓመቱ ብዙ ልጆች ሁለተኛውን ከአንደኛው ጋር አምታተው ይደክማሉ። በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ለተመራማሪዎች የሚሰጠው የሄክማን ድጎማ ከሁለተኛው ወገን ነው፤ የትምህርት ክፍያ አይሸፍንም።

ነገር ግን የዚያ ቤት ዋናው ሀብት ገንዘቡ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ የኢትዮጵያ ብራናዎች ፎቶ ተነሥተዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከሸዋ ገዳማትና አድባራት የተነሡት ብዙ ናቸው። በካታሎጉ ሥራ ብዙ ዓመት የደከሙት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የሸንኮራ ተወላጅ ነበሩ፤ በካይሮና በቱቢንገን ተምረው እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ የሚሰጠው የማክአርተር ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ዛሬ ከምስሎቹ ብዙዎቹን በድረ ገጹ በነጻ ተመዝግበህ እዚሁ ሆነህ ታነባለህ። ስለዚህ ከማመልከትህ በፊት የደብርህ መጻሕፍት ተነሥተው እንደ ሆነ በካታሎጉ ፈልግ፤ ከተነሡ ቁጥራቸውን በፕሮፖዛልህ ጥቀስ፣ ካልተነሡም ይህንኑ ጻፍ፤ ለገምጋሚው ሁለቱም ይጠቅሙታል።

ለዲግሪው ከሆነ የሃምቡርግን ዩኒቨርሲቲ አስቀድም። በዚያ የሚገኘው የሂዮብ ሉዶልፍ ማእከል የኢትዮጵያን ጽሑፎች የሚያጠና ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረውና ለ25 ዓመት የታቀደው “ቤተ መጻሕፍት” የተባለው ፕሮጀክትም የዚያው ነው። ለሦስተኛ ዲግሪ የዳአድ (የጀርመን አካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት) የምርምር ድጋፍ አለ፤ የመጨረሻ ዲግሪህን ከያዝህ ከስድስት ዓመት በላይ እንዳይሆንብህ ተጠንቀቅ። በዋሽንግተን የአሜሪካ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የሴማውያን ቋንቋዎች ክፍል አለው፤ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲም ግዕዝ ይሰጣል።

አንድ የአብነት ተማሪ የማመልከቻ ደብዳቤውን አሳይቶኝ ነበር። “ከልጅነቴ ጀምሮ ሃይማኖቴን እወዳለሁ” ብሎ ይጀምራል። የደብሩን መጻሕፍት ስጠይቀው፣ በአንድ የወንጌል ብራና የመጨረሻ ባዶ ቅጠል ላይ በሌላ እጅ፣ በደበዘዘ ቀለም የተጻፈ የርስት ስጦታ ዝርዝር እንዳለ ነገረኝ። “ሰጪው ማን ነው? ምስክሮቹስ የትኞቹ ካህናት ናቸው?” ብዬ ስጠይቀው ሁሉንም በቃሉ ያውቃል፤ በደብዳቤው ውስጥ ግን አንዱም የለም። ደብዳቤውን ከዚያ ቅጠል እንዲጀምር አደረግነው። ከአገራችን የአብነት ትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ከሌላው የሚለይበትን እውቀት በእጁ ይዞ ሳለ ማንም የሚጽፈውን ሲጽፍ ከልቤ አዝናለሁ።

ከደብረ ሲና፦ የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕስ?

መምህሩ፦ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። ለብሪታንያ ቺቭኒንግ የተባለውን የመንግሥቷን ስኮላርሺፕ ተመልከት፤ ለአንድ ዓመት ማስተርስ ነው፣ የ2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ከትምህርቱ በኋላም ሁለት ዓመት አገርህ መቀመጥ ግዴታ ነው።

ከሸዋ ሮቢት፣ አንዲት እኅት፦ በይፋት የእስልምና ታሪክ ላይ ማስተርስ መሥራት እፈልጋለሁ።

መምህሩ፦ እኅቴ፣ የእስልምና ጥናት ሙያዬ ስላልሆነ በሰፊው አልገባበትም። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ የነገረ መለኮት ፋኩልቲዎችን ይጨምራል፤ ማመልከቻው ብዙ ጊዜ ከጥር 10 እስከ የካቲት 20፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ክፍት ነው፤ ለማስተርስ ዕድሜሽ ከ30 በታች መሆን አለበት። ርእስሽ ግን ጥሩ ነው። በአርጎባ መንደሮች ያሉ ሽማግሌዎች የሚያስቀምጧቸውን የዐረብኛና የዓጀሚ (በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ የአገር ቋንቋ) ጽሑፎች ከአሁኑ መመዝገብ ጀምሪ።

ከፍቼ፦ ለኦርቶዶክሳውያን በሮም የሚሰጥ ድጋፍ አለ ይባላል። እውነት ነው?

መምህሩ፦ እውነት ነው። ከኦርቶዶክስና ከኦሪየንታል አብያተ ክርስቲያናት ጋር ለባህል ትብብር የቆመ የካቶሊክ ኮሚቴ አለ፤ የሊቀ ጳጳስ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል።

ከአረርቲ፦ የተዋሕዶ ልጅ በካቶሊክ ገንዘብ ሮም ሄዶ ነገረ መለኮት ይማር ማለት ተገቢ አይመስለኝም። የሚበላውን እንጀራ የሰጠው ሰው ትምህርቱን አይሰጠውም?

ከፍቼ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤውን የሚጽፉት የራሳችን ሊቀ ጳጳስ ከሆኑ አባቶች ፈቅደዋል ማለት ነው። ደግሞስ የግዕዝ ብራናዎቻችን በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ማን ሄዶ ያንብባቸው?

ከአረርቲ፦ ብራና ማንበብ ሌላ ነው፣ ዶግማ መማር ሌላ ነው።

መምህሩ፦ ሁለታችሁም ቁም ነገር ተናግራችኋል፤ ነገር ግን ውሳኔው የአመልካቹ፣ የንስሐ አባቱና የሊቀ ጳጳሱ ነው። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

ከአንኮበር፣ አንድ ቀሲስ፦ ድጓ አስመስክሬአለሁ፤ ዲግሪ ግን የለኝም። ለሁለተኛ ዲግሪ ይቀበሉኛል?

መምህሩ፦ አባታችን፣ ይህን ስመልስ ያመኛል፤ ያለ መጀመሪያ ዲግሪ አይቀበሉዎትም። የእርስዎን እውቀት የሚመዝን ቅጽ እስካሁን አላየሁም። አዲስ አበባ ካሉት የነገረ መለኮት ኮሌጆች በአንዱ የመጀመሪያ ዲግሪዎን ይያዙ፤ የድጓ ምስክርነትዎ ከዚያ በኋላ በማንኛውም ማመልከቻ ላይ ትልቅ ክብደት ይኖረዋል።

ከደብረ ብርሃን፦ አንድ ሰው 20,000 ብር ከከፈልሁ አሜሪካ እንደሚያስገባኝ ነግሮኛል።

መምህሩ፦ በመግቢያው ተናግሬአለሁ፤ አትክፈል። ለዩኒቨርሲቲው በቀጥታ የሚከፈለው የማመልከቻ ክፍያ ራሱ በብዙ ቦታ በጽሑፍ ከተጠየቀ ይቀራል። በአሜሪካ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የሃይማኖት ጥናት ሦስተኛ ዲግሪ ራሱ የትምህርት ክፍያንና የኑሮ ድጎማን ይዞ ይመጣል፤ ማስተርስ ግን በአብዛኛው አይደለም። የዬል የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የገንዘብ ችግራቸውን ላስረዱ ተማሪዎች ሙሉ የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል። የፕሪንስተን የነገረ መለኮት ሴሚናሪና የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲም የተለያዩ ተቋማት ስለሆኑ የአንዱን ቅጽ ለሌላው አትላክ።

ከሞላሌ፦ ስኮላርሺፕ ካለ ይንገሩን።

መምህሩ፦ ይህ ለሁለተኛ ጊዜ ነው። ከላይ ያለውን አንብብና ደረጃህን፣ ርእስህን፣ ቋንቋህን ጻፍ።

ከመንዝ፣ ዲያቆኑ፦ የምስክር ደብዳቤ ከመሪጌታዬ ልውሰድ ወይስ ከዩኒቨርሲቲ መምህሬ?

መምህሩ፦ ሦስት ቢጠየቅ ሁለቱን ከዩኒቨርሲቲ፣ አንዱን ከመሪጌታህ። የአሜሪካዎቹ ቀነ ገደብ በአብዛኛው በፈረንጆቹ ታኅሣሥ (ዲሴምበር) ውስጥ ስለሚውል በመስከረም ጠይቃቸው። መሪጌታህ በአማርኛ ይጻፉ፤ ትርጉሙን ከፊርማቸው ጋር አያይዘህ ላክ። ምን ያህል ዓመት እንዳስተማሩህና በቃልህ ምን ምን እንደ ዘለቅህ በዝርዝር ያስቀምጡልህ።